አንድ ዓይን የቀራት አሻንጉሊት

እማማ ኡምሀኒ የሞቱት ቁጭ ብለው ነው። አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው፣ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ነበር የተገኙት። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ሻሻቸውን ያጠቆረው ደም ባይኖር፣ ሥራ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው ነበር የሚመስሉት።

ኢንስፔክተር ቡልቻ ሂርጳ በሩ ላይ ቆሞ ምንም ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በሃያ ዓመት የመርማሪነት ሥራው የተማረው ትልቁ ነገር አለመቸኮል ነው፤ አለቆቹ የማይወዱለትም ይህንኑ ነው። የስፌት መኪናው የብረት እግር ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ። ከዚያ እስከ በርጩማው ሁለት እርምጃ ነው። ሴትዮዋ በግራ እጃቸው መዳፍ የምታክል የጨርቅ አሻንጉሊት ይዘዋል። በቀኝ ጣቶቻቸው መሃል ግማሽ ምላጭ አለ። አሻንጉሊቷ ያላት አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ በወፍራም ጥቁር ክር የተሰፋ። አጠገባቸው ባለው ካርቶን ውስጥ ሌሎች አሥራ አንድ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል። ዓይን ያላት ግን አንዲትም የለችም።

ረዳቱ ሳጅን ፌኔት የኤግዚቢት መመዝገቢያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። “አሻንጉሊት፣ ያላለቀ፣ አንድ። ግምት፣ ሃምሳ ብር” እያለች።

“ያላለቀ ያልሽው በምን አውቀሽ ነው?” አላት ቡልቻ።

“ሁለተኛውን ዓይን ሳይሰፉላት ነዋ የሞቱት።”

“በምላጭ?”

መርፌ ፈለጉ። መርፌው የስፌት መኪናው ላይ ባለችው የጨርቅ ኳስ ተሰክቶ ተገኘ፤ የገባበት ክር ነጭ ነው።

የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። በዚህ አገር አሮጊት የነጠላ ጫፍ ከቋጠረች ውስጡ ብር ነው፤ ፌኔትም ይህን ብላ በምስክር ፊት ፈታችው። ብር የለም። አንድ እፍኝ የማይሞላ የተቆራረጠ ጥቁር ክር ነው።

“ቆሻሻ ምን ያስቋጥራቸዋል?” አለች።

“ይህንንም መዝግቢው” አለ ቡልቻ።

አስከሬኑን ያገኘችው ነጅላ የምትባል የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ቃሊቲ ባለ መጋዘን ዕቃ ትረከባለች፣ የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ እንዳገኘችው፣ ጮኻ ጎረቤት እንደጠራች ተናገረች። በቦርሳዋ ውስጥ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር የያዘ ፖስታና ትንሽ ደብተር ተገኘ። የጣቢያው አዛዥ ደብተሩን ያገላበጠ ጊዜ ፊቱ በራ።

“ና እስቲ አንብብ!” አለው ቡልቻን። በጣቱ የያዘው ገጽ ላይ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ *እማማ ኡምሀኒን በሰኔ እጨርሳለሁ።*

ወሩ ሰኔ ነው። ቀኑ አሥራ አንድ።

“ክፍያ ይሆናላ” አለ ቡልቻ።

“ይሁና፣ ትንገረን። ከነገ ወዲያ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቅርቤ ቀጠሮ እጠይቅባታለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣህልኝ ጥሩ፤ ካላመጣህ ይቺው ናት።”

ነጅላ ደረጃው ላይ ስታልፍ ሰማችው። አላለቀሰችም። “ሥራ ሦስት ቀን ከቀረሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል” አለች ለማንም ሳይሆን። “ልጄን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል?”

 

በማግስቱ ጠዋት ቡልቻ የሟችን የቅርብ ዘመድ አገኘ። መንሱር ይባላል፤ የሟች ወንድም ልጅ። ገና በስድስት ዓመቱ ወላጆቹ ሲሞቱበት ከወሎ ያመጡት፣ ያሳደጉት፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። አስከሬን የሚመረመርበት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ የጭነት መኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ዓይኑ ቀልቷል።

“ኢንስፔክተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አስከሬኗን ይስጡን። እኛ ዘንድ አስከሬን አይውል አያድር።”

“ነገ ጠዋት ይሰጥሃል፤ እኔ ራሴ ተከታትዬ። ትናንት የት ነበርክ?”

“በቀትር ዙሁርን እዚሁ አቃቂ መስጊድ ሰግጄ ወደ ሥራ ወጣሁ። ሞጆ መንገድ፣ ሚዛን ጣቢያ ነበርኩ። ወረፋ ይዞን እስከ ምሽት አንድ ሰዓት እዚያው።” ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ማኅተሙ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ይላል።

ሐኪሙ ሴትዮዋ የሞቱት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እንደሆነ ነግሮታል። በዚያ ሰዓት መንሱር ሚዛን ላይ ነበረ፤ ቡልቻ ደውሎ አረጋገጠ፣ ሁለት ሠራተኞች መሰከሩለት።

“ከአክስትህ ጋር ጠብ የነበረው ሰው ታውቃለህ?”

“አክስቴ ከማን ጋር ትጣላለች? አሻንጉሊቷን ስትሰፋ ነው የምትውለው።”

“ውድ ናቸው አሉ።”

“ጨርቅ ናቸው” አለ መንሱር፣ ፊቱን አዙሮ። “የሚገዛው ነው የሚያስወድደው።”

ቡልቻ ለመሄድ ሲነሳ የመኪናው ሸራ ላይ ዓይኑ አረፈ። ቅዳዱ በሥርዓት ተሰፍቷል፣ ጥልፍ ይመስላል።

“ሸራውን ማን ሰፋልህ?”

“ራሴ። መርፌ ያስያዘችኝ እሷ ናት፤ ወንድ ልጅ ልብሱን በሰው እጅ አያስጠግንም ትል ነበር።”

ቡልቻ ትከሻውን ያዝ አድርጎት ሄደ። ሐዘኑ እውነት እንደሆነ አልተጠራጠረም፤ አለመሳሳቱንም በኋላ አየ።

አሻንጉሊቶቹን የሚሸጠው ነጋዴ ቀናው ይባላል፤ ሱቁ ቃሊቲ፣ ባቡሩ የሚያበቃበት አካባቢ ነው። ቅርጻ ቅርጽ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የአንገት ጌጥ ይሸጣል። በቴሌግራም ገጹ ላይ ካለፈው ወር ጀምሮ ሁለት አሻንጉሊቶች ለጥፏል፤ “የእማማ ኡምሀኒ፣ ኦሪጅናል፣ ለሰብሳቢዎች” ይላል። ሁለቱም ጥቁር ዓይን አላቸው።

ቡልቻ ከካርቶኑ አንዷን፣ ከሟች እጅ የወጣችውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ነጋዴ ነህ። የቷ ትበልጣለች?”

ቀናው ሳያመነታ ባለ አንድ ዓይኗን ነካ። “ይቺ ሁለተኛው ቢሰፋላት ነዋ። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ዓይን ዓይኑን ለምታየው ነው። ያቺኛዋ ያላለቀች ናት።”

“ከማን ነው የምትገዛው?”

“ከራሳቸው።” ትንሽ ቆየና፣ “ከራሳቸው ነው” አለ በድጋሚ።

ዋሽቷል። ቡልቻ አወቀበት፤ ሆኖም ግንባሩን ያላበው ያልከፈለው ግብር ይሁን ሌላ፣ ገና አልለየለትም። የሱቁ ካሜራ ግን ቀናውን ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ድረስ ያሳየዋል፤ ምሳውን እንኳ የበላው እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው። ፌኔት ሙሉውን ቁጭ ብላ አየችው። ከወንበሩ የተነሳው አራት ጊዜ ነው፣ አራቱንም ለመጸዳጃ።

“ሦስት ሰው ነበረን” አለች ስትመለስ። “ሁለቱ ሌላ ቦታ ነበሩ። የቀረችን አንድ ናት።”

“የቀረን የማናውቀው ነገር ነው” አለ ቡልቻ።

ከሰዓት በኋላ ነጅላን ከማረፊያ ቤት አስጠርቶ ሻይ አዘዘላት። ደብተሩን ከፊቷ አኖረ።

“አስተምሪኝ። ሰው ለጨርቅ አሻንጉሊት ስምንት ሺህ ብር እንዴት ያወጣል?”

ነጅላ የሚያላግጥባት መስሏት ቀና ብላ አየችው። እንዳልሆነ ስታይ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች።

“ደመወዜ አሥራ አንድ ሺህ ነው። የቤቱ፣ የልጄ፣ የታክሲው፣ የእህሉ ከወጣ በኋላ በየወሩ ሰባት መቶ እለያለሁ። ከዚያ አላልፍም። አንዳንዱ ወር ሥጋ አንበላም፤ ሰባት መቶዋ ግን አትነካም። ተበድሬ አልገዛም። ደመወዝ በተቀበልኩበት ሳምንት አልገዛም፤ ያን ሰሞን ሰው ልቡ ያብጣል። ያየሁትን በዕለቱ አልገዛም፣ አድሬበት ነው። የእማማ ኡምሀኒ እቺ አሻንጉሊት ስምንት ሺህ አራት መቶ ነበረች። አሥራ ሁለት ወር ነው። ቀብድ እንኳ አልተቀበሉኝም፣ ‘ስትሞላልሽ ነይ፣ አስቀምጬልሻለሁ’ አሉኝ። በሰኔ እጨርሳለሁ ብዬ የጻፍኩት እሱን ነው።”

“ዋጋዋንስ በምን ታውቂያለሽ?”

“መጀመሪያ ጠርዟን ገልጬ አያለሁ፤ የሳቸው ከሆነች ውስጧ ላይ አንዲት ቀይ ስፌት አለች። ቀጥሎ ጫን አድርጌ አያለሁ፤ የሚሞሏት በክር ፋብሪካው ተረፈ ጥጥ ነው፣ ሠላሳ ዓመት እዚያ ሠርተዋል። ሦስተኛ ፊቷን።”

“ፊት የላቸውም እኮ።”

“እሱ ነዋ ዋጋቸው። እማማ በሕይወታቸው ዓይን ሰፍተው አያውቁም። አባታቸው ቁርዓን አስተማሪ ነበሩ። ልጅ ሆነው የመጀመሪያዋን ሲሰፉ፣ ‘ዓይን አትሥሪላት፤ ነፍስ የሚሰጥ አላህ ብቻ ነው’ አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰፉም። የማያውቅ ሰው ያላለቀች ይመስለዋል።”

ቡልቻ የፌኔት ቅጽ ትዝ አለው። የቀናው ጣትም። ካርቶኑን አስመጣ። ነጅላ አንዷን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አዞረቻት፣ ፊቷ ተለወጠ።

“ምን ሆኑ?” አለች። “ፊታቸው ተወግቷል! ይኸው፣ ይኸው… ሁለት ሁለት ቦታ። ተሰፍቶባቸው ነበር። ሰው ነቅሎላቸዋል።” አሥራ አንዱንም አየች። በመጨረሻ ባለ አንድ ዓይኗን አነሳችና ጠርዟን ገለጠች። “ይቺ የኔዋ ናት።”

“እማማ አሻንጉሊቶቹ ዓይን እንደተሰፋባቸው ያውቁ ነበር?”

“እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ባለፈው ሳምንት የዚያን ነጋዴ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ፎቶውን አሳድጊልኝ አሉ፣ ብዙ አዩት። ‘ክሩ ወፍራም ነው’ አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ማን ነው ብላቸው፣ ‘አላወቅኩትም’ አሉኝ።”

ቡልቻ ሻዩን ረሳው። ምላጩ፣ መርፌ አለመኖሩ፣ በነጠላ የተቋጠረው ክር ተራ በተራ ቦታቸውን ያዙ። ሴትዮዋ እየነቀሉ እንጂ እየሰፉ አልነበረም።

“እንደዚህ ያለ ዓይን ጨርቁን ሳይቀዱ ለመንቀል ስንት ደቂቃ ይፈጃል?”

“ለሳቸው ነው ለኔ? የሳቸው ዓይን ደክሟል።”

ወፍራም ናይለን ክር ተገዛ፣ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ላይ አንድ ዓይን ተሰፋ፣ ነጅላ በምላጭ እየፈታች ፌኔት ሰዓት ያዘች። አሥር ደቂቃ ሆነ። ነጅላ ወጣት ናት፣ ጭንቅላቷም አልተመታ።

ቡልቻ ወረቀት ላይ አባዛው። አሥራ አንድ ጊዜ ሁለት፣ አንድ ሲጨመር፣ ሃያ ሦስት ዓይን። ቢያንስ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው። ወዲያው ሐኪሙ ዘንድ ደወለ።

“እንደዚያ የተመታ ሰው ተነስቶ አራት ሰዓት ሊሠራ ይችላል?”

“ይችላል” አለ ሐኪሙ። “ውስጥ ውስጡን ቀስ ብሎ ነው የሚደማው። መጀመሪያ ትንሽ ራስ ምታት ነው። ደህና ነኝ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣበታል።”

ቡልቻ ስልኩን ዘጋ። ሁሉንም ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ እያሉ ሲጠይቁ ነው የዋሉት። ሴትዮዋ የተመቱት ግን ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ቀናው ባንኮኒው ላይ ምሳ ይበላል፤ ነጅላ መጋዘኗ ውስጥ ዕቃ ትቆጥራለች፣ ፊርማዋ አለ። የሞጆ መንገዱ የሚዛን ወረቀት ደግሞ የሚጀምረው ገና ከዘጠኝ ከአርባ ነው።

ዙሁርን አቃቂ የሰገደ አንድ ሰው ነበረ። ጎረቤት ደግሞ ልብ የሚለው እንግዳን ነው፤ የቤቱን ልጅ ሲገባ ሲወጣ ማን ይቆጥረዋል?

“እንያዘው?” አለች ፌኔት።

“አስከሬኑ ነገ ጠዋት ይወጣል” አለ ቡልቻ። “አክስቱን ይቅበር።”

ቀብሩ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተፈጸመ። መንሱር መቃብር ውስጥ ወርዶ አስከሬኑን ከተቀበሉት አንዱ ነበር። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ ሲመጣ ቡልቻ መኪናው አጠገብ እየጠበቀው ነበር። የአዛዡ ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ቡልቻ ምንም ሳይል ወረቀት ዘረጋ፤ ላዩ ላይ የጥቁር ክር ቁርጥራጭ አለ። ከዚያ ሸራው ላይ ያለውን ስፌት በጣቱ ነካ። አንድ ዓይነት ክር ነው፣ ድርብ፣ ጫፉ ሁለቴ የተቋጠረ።

“ከየት አመጡት?” አለ መንሱር።

“ከነጠላዋ ጫፍ። ቋጥራ ነው የያዘችው።”

መንሱር ክሩን እያየ የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠ። ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን አልሆነለትም።

“ሁለት ጎማ ፈነዳብኝ” አለ። “ቀናው፣ ዓይን ካላቸው በእጥፍ እገዛለሁ አለኝ። እሷ ባታይ ምን ቸገራት ብዬ ከሳጥኗ ወሰድኩ። ማታ ማታ ጋቢና ውስጥ ሰፋሁ። ሁለቱን ወሰደ፣ ለቀሪዎቹ አርባ ሺህ አስቀድሞ ከፈለኝ፤ ጎማ ገዛሁበት። ደውላ፣ ‘ያሉትን ሁሉ ይዘህ ና’ አለችኝ። ዙሁር ሰግጄ ሄድኩ። አልጮኸችብኝም እኮ! ‘ና ቁጭ በል፣ አብረን እንንቀላቸው’ አለችኝ። እኔ ነኝ የጮህኩት። ብሩን ከየት አምጥቼ እመልሳለሁ ብዬ አሻንጉሊቶቹ ያሉበትን ከረጢት ሳብኩት። አልለቅም አለች። ገፋኋት።”

ፊቱን በጭቃማ እጁ ሸፈነ።

“አነሳኋት። ‘ሐኪም ቤት እንሂድ’ ስላት፣ ‘ምንም አልሆንኩም፣ ወረፋህ ያልፍሃል፣ ሂድ’ አለችኝ። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ደህና ናት ብዬ ሄድኩ። ሞተች ሲሉኝ ሌላ ሰው ገብቶባት መሰለኝ፣ ወላሂ! ከዚያ የኔ መግፋት መሆኑ ሲገባኝ ቃሉ ከምላሴ ላይ አልወጣ አለኝ።”

“ነጅላ ሁለት ሌሊት ታስራ አድራለች።”

“ሰምቻለሁ።” አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ቡልቻ ሊናገረው የማይፈልገው ነገር ነበር፤ ቢሆንም ሰውየው ሊያውቀው ይገባል ብሎ አመነ።

“አንተ ከሄድክ በኋላ አራት ሰዓት ያህል ኖራለች። አልተኛችም፣ ጎረቤት አልጠራችም። የሰፋኸውን ስትነቅል ነበር። ሰብሳቢ አይፈልጋቸውም፤ ቀዳዳው ይታያል፣ ዋጋቸው ወድቋል። እሷም ታውቃለች። የነቀለችው ለገበያ አይደለም። እጅህ እንዳይታወቅ ነው።”

መንሱር ጮኸ። ከቀብር የሚመለሱ ሰዎች ቆም ብለው አዩ፣ የሐዘን ጩኸት መስሏቸው ከንፈር መጠጡ።

“ስንት ቀራት?” አለ ሲረጋጋ።

“አንድ።”

“ምላጭ ይስጡኝ። እኔ ላውጣላት።”

“አይቻልም” አለ ቡልቻ። “ኤግዚቢት ናት።”

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ነጅላ ተፈታች። ፖስታዋ ተቆጥሮ ተመለሰላት፣ ደብተሯም። ፌኔት የኤግዚቢት ቅጹን ከፊቷ አደረገች፤ የግምት ዓምዱ መስተካከል ስላለበት ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ነጅላ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አየች፣ ጠርዛቸውን ገለጠች፣ ጫን ጫን አደረገች፣ ልክ ልትገዛ እንደመጣች።

“የገበያውን እውነት ከጠየቃችሁኝ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ አይበልጡም” አለች። “የተወጋ ፊት ማንም አይገዛም።”

ፌኔት ጻፈች። ቡልቻ ብዕሩን ተቀበላትና “ያላለቀ” የሚለውን ቃል ሰረዘው። አባቱ ኮዬ ፈጬ ላይ ጤፍ የሚዘሩበትን መሬት ገማቾች በአንድ ከሰዓት በሜትር ለክተው ሲሄዱ ቆሞ ያየ ሰው ነው፤ የግምት ዓምድ ሲሞላ ማየት ከዚያ ቀን ጀምሮ አይወድም።

ነጅላ ፖስታውን አውጥታ ባለ አንድ ዓይኗ አጠገብ አስቀመጠች። “እኔ ግን እቺን በተነጋገርንበት እገዛታለሁ። ስምንት ሺህ አራት መቶ። ቃል ነው።”

“አሁን አትሸጥም” አላት ቡልቻ። “ጉዳዩ እስኪያልቅ እዚህ ትቀመጣለች። ካለቀ በኋላ ለሟች ቤተሰብ ትመለሳለች።”

“ቤተሰባቸው ማን ነው?”

ፌኔት ቅጹን አየች፤ የዘመድ ስም በሚለው ቦታ ላይ የመጀመሪያው ቀን በራሷ እጅ የጻፈችው አንድ ስም ብቻ አለ።

“መንሱር” አለች።

ነጅላ ፖስታውን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አሻንጉሊቷን ለመጨረሻ ጊዜ አነሳች፣ ያቺን አንድ ጥቁር ዓይን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፣ ከዚያም እህቶቿ መሃል በጀርባዋ አስተኛቻት።

“እንግዲያው ይጠብቁለት” አለች። “የቀረችውን እሱ ያውጣላት።”